ራውተሩ ስልኩን እንጂ ልጁን አያውቀውም

ክረምት ሲገባ ደብረ ማርቆስ ላይ ሁለት ነገር ይበዛል፤ ዝናብና ቤት የዋለ ልጅ። ትምህርት ተዘግቷል፣ ደጁ ጭቃ ነው፣ ልጁም ስልክ ይዞ ብርድ ልብስ ውስጥ ይገባል። በዚህ ወቅት ጎረቤት ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ይኼን ዋይፋይ ለልጆቹ ብቻ መዝጋት አይቻልም ወይ?»

ይቻላል። ችግሩ ሰው ዋይፋዩን ከሚያከፋፍለው ሳጥን፣ ከራውተሩ፣ የማይችለውን ይጠብቅበታል፣ የሚችለውን ደግሞ ሳይጠቀምበት ይቀራል።

ነገሩ የእኛ ሰፈር ጭንቀት ብቻ አይደለም። አውስትራሊያ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በቲክቶክ፣ በኢንስታግራም፣ በፌስቡክና በመሳሰሉት ላይ አካውንት እንዳይኖራቸው የሚከለክል ሕግ እ.ኤ.አ. በ2024 አውጥታ ከዲሴምበር 10 ቀን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ አውላዋለች። እዚያ ልጁን በር ላይ እንዲመልሱት የታዘዙት ኩባንያዎቹ ናቸው። እዚህ በሩ ላይ የቆሙት እናትና አባት ናቸው፤ በእጃቸው ያለው መሣሪያ ደግሞ ቡፌ ላይ የተቀመጠው ሳጥን ነው።

ራውተር የቱ ነው? ፓረንታል ኮንትሮልስ?

ራውተር ከውጭ የመጣውን የኢንተርኔት መስመር ተቀብሎ ለቤቱ ስልክ፣ ላፕቶፕና ቴሌቪዥን በዋይፋይ የሚያከፋፍለው፣ ትንንሽ መብራት የሚያብለጨልጨው ሳጥን ነው። መስመሩ ፋይበር ሊሆን ይችላል፣ የድሮው የስልክ ሽቦ ሊሆን ይችላል፤ ሲም ካርድ የሚጎርሱ ራውተሮችም አሉ። ገልብጠው ቢያዩት ብዙ ጊዜ ሁዋዌ፣ ዜድቲኢ ወይም ቲፒ ሊንክ የሚል ያገኛሉ።

ሥራውን ለመረዳት የውኃ አባትን ማሰብ ይበቃል። መስኖ ባለበት በብዙ የጎጃም ቀበሌ የውኃ አባት አለ። ከወንዝ የተጠለፈው ቦይ አንድ ነው፣ ማሳው ብዙ ነው፤ የውኃ አባቱ ማን በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደሚያጠጣ ተራ ያወጣል፣ ተራው ያለፈበትን ቦይ ያስደፍናል። ውኃው አንዴ ማሳው ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ሽንኩርት ይጠጣው አረም ይጠጣው እሱ አያይም።

ፓረንታል ኮንትሮል ወላጁ ለዚህ የውኃ አባት የሚሰጠው ትእዛዝ ነው። የትእዛዙ ዓይነት ሦስት ብቻ ነው፦ የትኛው መሣሪያ፣ በየትኛው ሰዓት፣ ወደ የትኛው አድራሻ። ከዚህ ያለፈ ነገር፣ ማለትም ልጁ ያየው ቪዲዮ ምን ይላል፣ የጻፈለት ሰው ማን ነው፣ ራውተሩ አያውቅም።

ውስጡ እንዴት ይገባል?

ስልክዎ ከቤቱ ዋይፋይ ጋር እንደተገናኘ ክሮም ወይም ሌላ ብሮውዘር ይክፈቱና ከላይ አድራሻ በሚጻፍበት ቦታ 192.168.1.1 ብለው ይጻፉ። ካልከፈተ 192.168.0.1 ወይም 192.168.100.1 ይሞክሩ። ትክክለኛው ብዙ ጊዜ ሳጥኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ፤ የመግቢያ ስምና ፓስወርድም እዚያው ይገኛሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ። ፓስወርዱ ሁለት ነው። አንደኛው ዋይፋይ ለመጠቀም የሚሰጡት፣ እንግዳ ሲመጣ የሚነግሩት ነው። ሁለተኛው የራውተሩን ሆድ የሚከፍተው ነው። ሁለተኛው ከፋብሪካ እንደመጣ «አድሚን» «አድሚን» ሆኖ ከቀረ ወይም ሳጥኑ ሥር እንደተጻፈ ካልተቀየረ፣ ወላጅ ቀን የዘጋውን ልጅ ማታ ይከፍተዋል። የ12 ዓመት ልጅ ሳጥኑን ገልብጦ ማንበብ አያቅተውም። ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ከመዝጋትዎ በፊት ይህን ፓስወርድ ይቀይሩት፣ ወረቀት ላይ ጽፈው የቤት ካርታ ከሚያስቀምጡበት ያኑሩት። ደብልዩፒኤስ የሚባለውን፣ ያለ ፓስወርድ አዝራር በመጫን ብቻ ስልክ የሚያስገባውን መንገድም እግረ መንገድዎን ያጥፉት።

ማታ 3 ሰዓት ዝጋ ስለው ለምን አይዘጋም?

ባለፈው ክረምት አንዲት ጎረቤቴ በጠዋቱ በአጥር ላይ ጠሩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ያ ሳጥን በሰው ያሾፋል እንዴ?»

«ምን አደረገዎት እትዬ?»

የልጅ ልጃቸው ማታ ማታ ፍሪፋየር እየተጫወተ ሲያስቸግራቸው፣ የሰው እጅ ሳያዩ ራሳቸው ገብተው ከ3:00 እስከ 12:00 ዝጋ ብለው ሞልተዋል። ማታ 3 ሰዓት ሲሆን ልጁ እየሳቀ መጫወቱን ቀጠለ። ንጋት ላይ እሳቸው ስልካቸውን አንሥተው ቅዳሴ ልከታተል ቢሉ ዋይፋዩ ዝም አለ። «ለእሱ ከፍቶ ለእኔ ዘጋ!» አሉኝ፤ ንዴታቸው ከልብ ነበር።

ሳጥኑ አላሾፈም። ሰዓት የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ተነሥቶ ነው። 3:00 ሲባል ለእሱ የእኛ ሌሊት 9 ሰዓት ነው፤ 12:00 ደግሞ ቀን 6 ሰዓት። እንደታዘዘው ከሌሊቱ 9 ጀምሮ እስከ ቀትር ዘጋ፤ ልጁ ደግሞ በዚያ ሰዓት ተኝቶ ነበር።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ከማታ 1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ላለው 18 ይደምሩ፤ ማታ 3 ሰዓት 21:00 ይሆናል። ለጠዋትና ለቀን 6 ይደምሩ፤ ጠዋት 2 ሰዓት 08:00፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት 16:00 ነው። እኩለ ሌሊት፣ የእኛ 6 ሰዓት፣ 00:00 ነው። ከዚያ በኋላ ላለው ሌሊት 6 ይቀንሱ፤ ንጋት 12 ሰዓት 06:00 ይመጣል። ስለዚህ እትዬ የፈለጉት ከ21:00 እስከ 06:00 ነበር።

ብዙ ራውተሮች ደግሞ እኩለ ሌሊትን የሚሻገር ሰዓት አይቀበሉም። ያኔ በሁለት መስመር ይሞላል፦ ከ21:00 እስከ 23:59፣ ከዚያ ከ00:00 እስከ 06:00። ቀን ምረጥ የሚል ካለም ልብ ይበሉ፤ ለራውተሩ የዓርብ ሌሊት ከ6 ሰዓት በኋላ ያለው ቅዳሜ ነው።

ሌላው የሰዓት ቀጠና ነው። ኢትዮጵያ ያለችው በጂኤምቲ ሲደመር 3 ላይ ነው፤ በዝርዝሩ ውስጥ ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ተብሎ ሳይሆን ናይሮቢ ተብሎ ነው የሚገኘው። ጂኤምቲ 0 ላይ እንደተተወ የቀረ ራውተር 21:00 የሚልዎት እዚህ እኩለ ሌሊት ሲሆን ነው።

መብራት ሲሄድና ሲመጣም ይህ ሰዓት ይረበሻል። እንደ ስልክ በራሱ የሚቆይ ባትሪ ስለሌለው፣ አብዛኛው ራውተር መብራት ጠፍቶ በተነሣ ቁጥር ሰዓቱን ይረሳል። ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ላይ ይነሣሉ፤ የኮምፒውተር ሰዓት ቆጠራ ከዚያ ቀን እንዲጀምር ስለተወሰነ። ከዚያ ኢንተርኔት ሲያገኙ ትክክለኛውን ሰዓት ከውጭ ጠይቀው ያስተካክላሉ። ይህ ጥያቄ ኤንቲፒ ይባላል። ኤንቲፒው ከጠፋ ሳጥኑ 1970 ላይ ሆኖ ሲዘጋና ሲከፍት ይውላል። ክረምት ላይ መብራት በቀን ሁለት ሦስቴ በሚሄድበት ሰፈር «ትናንት ሠርቶ ዛሬ እምቢ አለ» የሚባለው ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። በራውተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ቀኑንና ሰዓቱን ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

የልጁን ስልክ ከእኔ ስልክ በምን ይለያል?

እያንዳንዱ ዋይፋይ የሚጠቀም መሣሪያ ማክ አድራሻ የሚባል 12 ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት መለያ አለው፤ በሁለት በሁለት ተከፍሎ ይጻፋል። እንደ መኪና ታርጋ ቁጠሩት። ራውተሩ የተገናኙትን መሣሪያዎች ከነታርጋቸው ይዘረዝራል፤ እርስዎ የልጁን ፈልገው «ይኼ በዚህ ሰዓት ይዘጋ» ይላሉ። የትኛው የልጁ እንደሆነ ለማወቅ የስልኩን ዋይፋይ አጥፍቶ ከዝርዝሩ የሚጠፋውን ማየት ከሁሉ ይቀላል።

ችግሩ ታርጋው ይቀየራል። አንድሮይድ ከ10ኛው ሥሪት ጀምሮ፣ አይፎን ከአይኦኤስ 14 ጀምሮ፣ ሰው በየሄደበት ዋይፋይ እንዳይከታተሉት ሲባል በእውነተኛው ፋንታ የፈጠራ ማክ ያሳያሉ። ዓላማው ጥሩ ነው። ቤት ውስጥ ግን ልጁ ወደ ዋይፋይ ሴቲንግ ገብቶ አንዱን ትቶ ሌላውን ሲመርጥ በአንድ ስልክ ሁለት ሰው መስሎ ይቀርባል፤ የተዘጋው አንደኛው ነው፣ ሁለተኛው ያልፋል።

መፍትሔው ትእዛዙን መገልበጥ ነው። «እነዚህን ዝጋ» በማለት ፋንታ «እነዚህን ብቻ አስገባ» የሚል ምርጫ ብዙ ራውተሮች ላይ አለ። የቤቱ መሣሪያዎች ታርጋ ይመዘገባል፣ ያልተመዘገበ አይገባም። እንግዳ በመጣ ቁጥር መመዝገብ ግድ ይሆናል። እንግዳ ለሚበዛበት ቤት፣ በተለይ ለበዓል፣ አድካሚ ነው።

መጥፎ ገጾችን መዝጋትስ ይችላል?

በከፊል። እንዴት እንደሚዘጋ ካላወቁ ግን የት እንደሚያፈስ አይታይዎትም።

ከደጀን የመጣ እንግዳ ማርቆስ ወርዶ የሰው ቤት ሲፈልግ ጥግ ላይ ያለውን ባለሱቅ ይጠይቃል፦ «የእገሌ ቤት የት ነው?» ባለሱቁ በጣቱ ያሳየዋል። ስልክም እንዲሁ ነው። ልጁ የአንድ ድረ ገጽ ስም ሲጽፍ ስልኩ በስም ብቻ መድረስ ስለማይችል፣ ስሙን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይርለትን ይጠይቃል። ይህ ተጠያቂ ዲኤንኤስ ይባላል። ያለ ዲኤንኤስ በስም የትም አይደረስም።

እንግዲህ ባለሱቁ ጨዋ ሰው ነው እንበል። ሕፃን ልጅ መጥቶ «አረቄ ቤቱ የት ነው?» ቢለው «አላውቅም» ይለዋል። አረቄ ቤቱን አልዘጋውም፣ መንገዱንም አላጠረውም፤ አላሳይም ነው ያለው። ለልጆች የሚሆኑ ዲኤንኤሶች የሚሠሩት ልክ እንደዚህ ነው። የወሲብ ገጾችን ስም ዝርዝር ይዘዋል፣ ስሙ ከተጠየቀ አድራሻውን አይሰጡም።

በነፃ የሚሰጡ አሉ። ክላውድፍሌር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2020 የጀመረው 1.1.1.3 እና 1.0.0.3 ነው። ኦፕንዲኤንኤስ ለቤተሰብ ያዘጋጀው 208.67.222.123 እና 208.67.220.123 ነው። ክሊንብራውዚንግ ደግሞ 185.228.168.168 እና 185.228.169.168 ይሰጣል፤ ይኼኛው ጠበቅ ያለ ነው፣ የጉግልንና የዩቲዩብን ፍለጋ ወደ ጥንቃቄ ሁኔታ ይቀይራል፣ ቪፒኤን የሚባለውን፣ ኋላ የምናየውን የማምለጫ መንገድ የሚሰጡ ገጾችንም ይዘጋል። ሦስቱም ምንም ነገር ዳውንሎድ አያስደርጉም፤ ቁጥር መሙላት ብቻ ነው።

በቁጥር መሳሳት ግን ነገሩን ያበላሻል። 1.1.1.1 ምንም አይዘጋም። 1.1.1.2 የቫይረስ ገጾችን ብቻ ይዘጋል። የሚፈልጉት በ3 የሚያልቀውን ነው። በራውተሩ ውስጥ ዲኤችሲፒ በሚለው ገጽ ላይ ዲኤንኤስ አንድና ሁለት የሚሉ ሳጥኖች ያገኛሉ፤ ሁለቱንም ይሙሉ። አንደኛውን 1.1.1.3 ብለው ሁለተኛውን 8.8.8.8 ላይ የሚተዉ አሉ። 8.8.8.8 የጉግል ነው፣ ማንንም አይከለክልም፤ ስልኩ ከሁለቱ ባለሱቆች ማንኛውንም ሊጠይቅ ስለሚችል፣ ማዶ ያለውን በጠየቀ ጊዜ መንገዱን ያሳየዋል። ከሞሉ በኋላ ራውተሩን አጥፍተው ያብሩት፤ ስልኮች የድሮውን ባለሱቅ ይዘው ይቆያሉና።

አቅራቢው ኩባንያ በሰጠው ራውተር ላይ ይህ ገጽ ለደንበኛ የማይታይበት ጊዜ አለ። ያኔ ያለው አማራጭ የራስ ራውተር ገዝቶ ከእሱ ቀጥሎ በገመድ መሰካትና የመጀመሪያውን ዋይፋይ ማጥፋት ነው፤ ወይም ዲኤንኤሱን በልጁ ስልክ ላይ መሙላት።

«ወሲብ የሚል ቃል ያለበትን ሁሉ ዝጋ» ማለት አይቻልም? ድሮ ይቻል ነበር። አሁን ግን አብዛኛው ድረ ገጽ ኤችቲቲፒኤስ በሚባለው መንገድ ነው የሚሄደው፤ ማለትም ደብዳቤው በታሸገ ፖስታ ውስጥ ነው። ራውተሩ ፖስታው ላይ ለማን እንደተላከ ያነባል፤ ውስጡን አያይም። አንዳንድ አሮጌ ራውተሮች ላይ ያለው የቃል ማገጃ ያልታሸገውን ብቻ ነው የሚይዘው፣ ያልታሸገ ደግሞ ዛሬ እየጠፋ ነው። ስለዚህ በዚያ ሳጥን ውስጥ ቃላት ሲደረድሩ የሚያመሹ ከሆነ ልፋቱ ከንቱ ነው።

ልጁ የሚያልፍበት ቀዳዳ የለም?

አለ፣ ሦስት አራት ይሆናል።

የመጀመሪያው ሌላ ባለሱቅ መጠየቅ ነው። አንድሮይድ ከ9ኛው ሥሪት ጀምሮ ፕራይቬት ዲኤንኤስ የሚል ሴቲንግ አለው። እዚያ ሌላ ስም ከተሞላ ስልኩ የራውተሩን ባለሱቅ አልፎ፣ በታሸገ ፖስታ፣ ለሌላ ይጽፋል። አንዳንድ ብሮውዘሮችም ይህን በራሳቸው ያደርጉታል።

ሁለተኛው ቪፒኤን ነው። ኬላ ላይ የጭነት መኪና ተሸፍኖ ሲያልፍ ጠባቂው ሸራውን እንጂ ጭነቱን አያይም፤ ቪፒኤን እንደዚያ ሸራ ነው። ራውተሩ የሚያየው ስልኩ ወደ አንድ ቦታ ብቻ ሲላላክ ነው። ቪፒኤን እዚህ አገር ለልጅ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለአምስት ወር ያህል ተገድበው በነበረ ጊዜ አባትም ልጅም አብረው ተምረውታል። ቪፒኤኑን ለልጁ የጫነለት አባቱ ራሱ የሆነበት ቤት አውቃለሁ።

ሦስተኛው ከሁሉ ቀላሉ ነው፤ ዋይፋዩን አጥፍቶ ሞባይል ዳታ ማብራት። አራተኛው የጎረቤት ዋይፋይ ነው። ራውተሩ የሚገዛው የራሱን ቦይ ብቻ ነው፤ ልጁ ከሌላ ቦይ ከቀዳ የውኃ አባቱ የሚለው የለም።

እንግዲህ ዕድሜው ይወስናል። ሲም የሌለው ታብሌት ለያዘ የ7 ዓመት ልጅ ራውተሩ እውነተኛ አጥር ነው፤ ዲኤንኤሱን ሞልቶ ሰዓቱን ገድቦ መቀመጥ ይቻላል። ለዚያ ዕድሜ «የተፈቀዱትን ገጾች ብቻ ክፈት» የሚለውንም እመክራለሁ። ሲም ላለው የ15 ዓመት ልጅ ግን አጥሩ ጉልበት ድረስ ነው። በዚያ ዕድሜ ደብቆ መዝጋት፣ ልጁ ሲደርስበት፣ ከመዝለልም አልፎ ነገር ሁሉ እንዲደብቅ ያደርገዋል፤ ነግሮ መዝጋት ይሻላል።

ቴሌግራምና ቲክቶክስ?

እዚህ ላይ ራውተሩ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ጨርሶ መዝጋት ወይም ጨርሶ መክፈት። ቴሌግራም ለራውተሩ አንድ ቤት ነው፤ ውስጡ የሒሳብ ጥያቄ የሚለጥፍ ቻናል ይሁን ሌላ ነገር የሚለጥፍ፣ ሁሉም በአንድ በር ነው የሚገባው። ብዙ አስተማሪዎች የቤት ሥራ በቴሌግራም ስለሚልኩ መዝጋቱ ራሱ ችግር ይሆናል።

ከዚህም የሚከፋው ሰው ነው። ልጅ በኢንተርኔት ላይ የሚያገኘው ጉዳት ሁሉ ከሚያየው ነገር አይመጣም። በጨዋታ ውስጥ «ዳይመንድ ልላክልህ» ብሎ፣ የጨዋታውን ገንዘብ እያሳየ የሚቀርብ፣ የልጅ ፎቶ ለጥፎ ራሱን የ14 ዓመት ልጅ የሚያስመስል፣ አንድ ፎቶ ካገኘ በኋላ «ሌላ ካልላክሽ ይኼን ለእናትሽ ነው የምልከው» የሚል ሰው አለ። ይህ ሁሉ የሚሆነው በተፈቀደ አፕ ውስጥ፣ በተፈቀደ ሰዓት፣ በታሸገ ፖስታ ነው። ራውተሩ በዚህ ጊዜ አረንጓዴ መብራቱን እያብለጨለጨ ነው።

ይህን የሚመለከተው ሴቲንግ ያለው ስልኩና አፑ ውስጥ ነው። የጉግል ፋሚሊ ሊንክ ወላጁ በራሱ ስልክ ሆኖ የልጁ ስልክ ላይ አፕ እንዲፈቅድ፣ ሰዓት እንዲገድብ ያስችለዋል፤ ከስልኩ ጋር ስለሚዞር በሞባይል ዳታም ይሠራል። አይፎን ላይ ስክሪን ታይም የሚባለው ይህን ይሠራል። በቴሌግራም ፕራይቬሲ ውስጥ ስልክ ቁጥሩን ማን ያየዋል፣ ማን ግሩፕ ውስጥ ሊጨምረው ይችላል የሚሉትን «ኮንታክቶቼ ብቻ» ማድረግ የማያውቁት ሰው ልጁን ጎትቶ ግሩፕ ውስጥ እንዳይከተው ያደርጋል። ይህን ከልጁ ጋር ተቀምጦ ለመሥራት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ማስፈራራት ከደረሰ ደግሞ፦ መልእክቱ አይጥፋ፣ ስክሪን ሾት ይነሣ፣ የሚጠየቀው ገንዘብ ወይም ፎቶ አይላክ፣ ፖሊስ ዘንድ ይኬድ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ ወሲባዊ ምስል ማዘጋጀትንም፣ ማሰራጨትንም፣ መያዝንም፣ ልጅን በእንዲህ ያለ መልእክት ማማለልንም ወንጀል አድርጎታል። ወላጆች ብዙ ጊዜ በድንጋጤ መጀመሪያ የሚያደርጉት ስልኩን ነጥቀው ሁሉንም መሰረዝ ነው። ማስረጃው አብሮ ይሄዳል።

ብዙዎቹ አፖች «13 ዓመት ያልሞላው አይመዝገብ» የሚሉት ልጁ በ13 ዓመቱ ስለሚበስል አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣችው ሕግ ከዚያ በታች ያለን ልጅ መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ መሰብሰብን ስለከለከለ ነው፤ ቁጥሩ ከዚያ ወዲህ ዓለምን ዞረ። የልደት ዓመት ሲጠይቁም የእኛን አቆጣጠር አይደለም የሚጠብቁት፤ በ2006 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ 2006 ብሎ ሲሞላ ሰባት ስምንት ዓመት ጨምሮ ለሁሉም ነገር የደረሰ ጎልማሳ ይሆናል። ውሸት ሳይናገር።

ተከራይ አለኝ፣ ዋይፋዩን አብረን ነው የምንከፍለው

ብዙ ግቢ እንደዚህ ነው። ራውተሩ ላይ ገስት ኔትወርክ የሚል ካለ ለተከራይ በሌላ ስምና በሌላ ፓስወርድ ሁለተኛ ዋይፋይ ይከፍታሉ። የሰዓት ገደቡን በልጆቹ መሣሪያ ላይ ብቻ ያድርጉት፣ አለዚያ ማታ 3 ሰዓት ላይ ሥራ ላይ ያለ ተከራይ በር ያንኳኳል። ዲኤንኤሱ ግን በብዙ ራውተር ለሁሉም አንድ ነው፤ ከመቀየርዎ በፊት ይንገሯቸው። የተከራዩን ፓስወርድ ለልጁ እንዳይሰጡትም ያስጠንቅቁ፤ የሚሰጥ ደግ ወጣት አይጠፋም።

ራውተሩን በመርፌ ቢወጋውስ?

ሳጥኑ ጀርባ ላይ መርፌ ወይም የጆሮ ጌጥ ጫፍ ብቻ የሚገባባት ሪሴት የምትባል ቀዳዳ አለች። ራውተሩ በርቶ ሳለ 10 ሰከንድ ያህል ተጭነው ከያዙት ሁሉም ነገር ወደ ፋብሪካው ይመለሳል፤ የቀየሩት ፓስወርድ፣ የሰዓት ገደቡ፣ ዲኤንኤሱ አብሮ ይጠፋል። ልጆች ይህን ከጓደኛ ይማሩታል።

ግን ራሱ ላይ ነው የሚመጣበት። በብዙ መስመር ራውተሩ ውስጥ ኢንተርኔት አቅራቢው የሰጠው የመስመር የመግቢያ ስምና ፓስወርድም አለ፤ ሪሴት ሲደረግ እሱም ሊሄድ ይችላል። ዋይፋዩ ይታያል፣ ኢንተርኔት ግን የለም። ያን ስምና ፓስወርድ መስመሩ ሲገባ በተሰጠዎት ወረቀት ላይ ይፈልጉት፤ ከሌለ ዛሬውኑ ኩባንያው ቢሮ ሄደው ይጠይቁና ከራውተሩ ፓስወርድ ጋር አንድ ላይ ያስቀምጡት። የእትዬ የልጅ ልጅ መስከረም ሊጠባ ሲል ወግቶት ሁለት ቀን ሙሉ በቀይ መብራት ቁጭ ብለዋል። ቴክኒሻን እስኪመጣ ድረስ እሳቸው ቅዳሴያቸውን በሬዲዮ ሰሙ፤ ልጁ ጨዋታውን የሚያገኝበት አልነበረውም።